የልጄ ሳል ሦስት ሳምንት አለፈው፤ ትክትክ ይሆን?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎች እና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጄ መሳል ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በመጀመሪያው ሳምንት ንፍጥ እና ቀላል ሳል ብቻ ስለነበረው ተራ ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እየባሰበት ሄዶ አሁን በተለይ ሌሊት ይነሣበትና ትንፋሽ ሳይወስድ ደጋግሞ ይስላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ ያነባል፣ መጨረሻ ላይም ያስመልሰዋል። ሳሉ ሲያልፍለት ደግሞ ምንም እንዳልነካው ተነሥቶ ይጫወታል። ትኩሳት የለውም። ወደ ሕክምና ወስጄው «ሳንባው ንጹሕ ነው» ተብሎ የሳል ሽሮፕ ተሰጠው፤ ጠርሙሱ አለቀ እንጂ ሳሉ አልቀነሰም። እናቴ «ይህስ ትክትክ ነው» ትላለች። እኔ ግን ክትባቱን በሙሉ ስለጨረሰ፣ ትክትክ የያዘው ልጅ ያሰማል የሚባለውንም ድምፅ ስለማያሰማ ለማመን ተቸገርሁ። ሌላ ሽሮፕ ልሞክር ወይስ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል? አምስት ሳምንት ለሆናት እኅቱስ ይተላለፍባት ይሆን? እርሷ ለጊዜው ደኅና ናት፤ ከትናንት ወዲህ ትንሽ ያስነጥሳታል እንጂ።

— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ስለ ወንዱ ልጅዎ ከመናገሬ በፊት በደብዳቤዎ ማብቂያ ላይ በአንድ መስመር ያለፏትን ሕፃን ላስቀድም፤ በቤትዎ ውስጥ ትክትክ ካለ ከባዱ አደጋ ያንዣበበው ሌሊቱን ሙሉ በሚስለው ልጅ ላይ ሳይሆን ገና ማስነጠስ በጀመረችው በእርሷ ላይ ነውና። አራት ዓመት ያለፈውን፣ ክትባቱን የጨረሰን ልጅ ትክትክ ለሳምንታት ያሠቃየዋል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፣ ያከሳዋል፤ ሕይወቱን ለአደጋ የሚያጋልጠው ግን ከስንት አንዴ ነው። በዚህ በሽታ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ክትባት ያልጀመሩ ወይም ያልጨረሱ ሕፃናት፣ ከእነርሱም ይልቁንም ሦስት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ስለዚህ የአምስት ሳምንት ልጅዎን ዛሬውኑ ለሐኪም ያሳዩ። እዚያም ሲደርሱ «ጉንፋን ይዟታል» ማለት አይብቃዎት፤ «ወንድሟ ከሦስት ሳምንት በላይ ይስላል፣ ሳሉም ያስመልሰዋል፣ ትክትክ ጠርጥረናል» ብለው ይንገሩ። የምታስነጥስ ጨቅላ ብቻዋን ስትታይ ማንንም ባለሙያ አታሳስብም፤ የወንድሟ ታሪክ ሲጨመርበት ግን ሐኪሙ የሚጠይቀውም የሚያዝዘውም ይለወጣል።

በጨቅላ ላይ ትክትክ ሰዎች የሚያውቁትን መልኩን ይዞ አይመጣም። ጉንፋን መሰሉ ጊዜ አጭር ነው፣ ሳሉም ደካማ ወይም ጨርሶ የማይሰማ ሊሆን ይችላል። በምትኩ ሕፃኑ ጡት እየጠባ ሳለ ወይም ተኝቶ እንዳለ ትንፋሹ ለተወሰኑ ሰከንዶች ቀጥ ይላል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል ወይም ፊቱ ይገረጣል፣ ሰውነቱም ይዝላል። ስድስት ወር ያልሞላቸውንና ትክትክ የተጠረጠረባቸውን ሕፃናት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ሆስፒታል አስተኝተው የሚከታተሏቸው ይህ የትንፋሽ መቋረጥ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል ነው። ሕፃኗ ጡት መጥባት ከተሳናት ወይም ከወትሮው በእጅጉ ከቀነሰች፣ የጠባችውን ሁሉ ካስመለሳት፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ከተንዘፈዘፈች፣ ስትተነፍስ የደረቷ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ትንፋሿ ከተቋረጠ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ጠዋትን ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። በዚህ ዕድሜ 38 ዲግሪ እና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳትም ብቻውን ለድንገተኛ ሕክምና በቂ ምክንያት ነው።

አተነፋፈሷን ለመቁጠር ተረጋግታ ወይም ተኝታ ሳለች ልብሷን ገለጥ አድርገው ሆዷና ደረቷ ሲነሣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። የጨቅላ ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ የሳንባ ምች ምልክትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ወንዱ ልጅዎ ልመለስ። የጻፉልኝ የሳሉ አካሄድ የትክትክን መንገድ የተከተለ ይመስላል። ተህዋሲው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚዘልቅ ንፍጥ፣ ማስነጠስ እና ቀላል ሳል ይመጣል፤ ትኩሳት ቢኖርም ዝቅ ያለ ነው። በዚህ ጊዜ ከጉንፋን የሚለይበት ምንም ነገር የለም። የሚያሳዝነው ግን በሽታው ወደ ሌሎች ሰዎች በብርቱ የሚተላለፈው፣ መድኃኒቱም ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው በዚሁ ማንም በማይጠረጥረው ጊዜ መሆኑ ነው። የጉንፋን ሳል በሁለተኛው ሳምንት ረገብ ማለት ይጀምራል፤ ትክትክ ግን መርገብ በሚገባው ጊዜ ይብሳል። እኔ ከምልክቶቹ ሁሉ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ቀጥሎም በተከታታይ የሚመጣ፣ በመካከሉ ትንፋሽ የማያስወስድ፣ በማስመለስ ወይም በድካም የሚያልቅ ሳል ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ አሥር ሳምንት ይዘልቃል። ከሳሉ ብርታት የተነሣ የዓይን ነጩ ክፍል ሊደማ፣ በፊት ላይም ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች ሊወጡ ይችላሉ፤ እነዚህ ለማየት ቢያስደነግጡም በራሳቸው ጊዜ ይጠፋሉ።

ልጁ በሳል መካከል ደኅና መስሎ መጫወቱ ሰዎችን የሚያዘናጋ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ያየውን ባለሙያም በዚህ አልወቅሰውም። በትክትክ ጊዜ ደረቱ ሲደመጥ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሕመሙ የሚታየው ሳሉ በተነሣባት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ እርስዋ ደግሞ በምርመራ ክፍል ውስጥ በቀጠሮ አትመጣም። ስለዚህ ሳሉ ሲነሣበት በስልክዎ ይቅረጹትና ለሐኪሙ ያሳዩት፤ አንድ ደቂቃ የሚሞላ ምስል ከረዥም ገለጻ ይበልጣል። ከዚያ ጋር በቀንና በሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሣበት፣ ስንቴ እንዳስመለሰውና ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጽፈው ይያዙ።

ስለ ድምፁ ያነሡት ነጥብ ብዙዎችን ያሳስታል። ከረዥም ሳል በኋላ አየር በጠበበ ጉሮሮ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚሰማው ያ ከፍ ያለ ድምፅ ዓይነተኛ ምልክት ነው፤ ሆኖም በጨቅላዎች፣ ክትባት በወሰዱ ልጆች፣ በታዳጊዎችና በአዋቂዎች ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ሲኖር ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ አለመኖሩ ግን ትክትክ አለመሆኑን አያረጋግጥም።

ክትባቱም እንዲሁ ነው። ትክትክ የሚከላከለው ክትባት ከዲፍቴሪያና ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ብዙ ጊዜም ከሄፓታይተስ ቢ እና ሂብ ከተባለው ባክቴሪያ መከላከያ ጋር ተጣምሮ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። በጨቅላነት ዕድሜ ከሚመጣው ከባድ ሕመምና ሞት በሚገባ ይከላከላል፤ ጥበቃው ግን ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ማጠናከሪያ ክትባት ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማጠናከሪያው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ፣ ቢቻል በሁለተኛው የዕድሜ ዓመት እንዲሰጥ ይመክራል። ልጅዎ በጨቅላነቱ ሦስቱን ወስዶ ማጠናከሪያውን ካላገኘ በአራት ዓመት ተኩሉ ትክትክ ቢይዘው የሚያስገርም አይደለም። የወሰደው ክትባት ግን ከንቱ አልሆነም፤ ክትባት የወሰደ ልጅ ቢታመምም ብዙውን ጊዜ ቀለል ብሎት፣ ባጠረ ጊዜም ያልፍለታል። አንዴ ታምሞ መዳንም ቢሆን የዕድሜ ልክ መከላከያ አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ እናትዎ ትክክል ናቸው ብዬ ከሩቅ መፍረድ አልችልም፤ በዚህ ዕድሜ ሳምንታት የሚዘልቅ ሳል ሌሎች ምክንያቶችም አሉትና። ከሁሉ የሚበዛው ከቫይረስ ጉንፋን በኋላ የሚቀር ሳል ነው፤ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ነገር ግን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። አዴኖቫይረስ እና ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ ትክትክን የሚመስል ሳል ያመጣሉ። ሳሉ በሩጫ፣ በሳቅ ወይም በብርድ የሚነሣ፣ ትንፋሹም ሲር ሲር የሚል ከሆነ፣ በቤተሰብም አስም ካለ፣ አስም መታሰብ አለበት። አራት ሳምንት ያለፈው፣ አክታ ያዘለ የሚመስል እርጥብ ሳል በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ የሰነበተ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል የራሱ ሕክምና አለው። ልጁ እንቅልፍ እንደወሰደው ጨርሶ የሚጠፋ ሳል ደግሞ ልማድ ሆኖ የቀረ ሳል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ሌሊት ስለሚብስበት ይህኛውን እንተወዋለን። በቤት ውስጥ የሚጨስ ሲጋራም ሆነ ማንኛውም ጭስ ሳልን ከማስነሣቱም በላይ የተነሣውን ያራዝማል።

ሁለቱን ለይቼ የማነሣቸው መዘንጋታቸው ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። አንደኛው ወደ ሳንባ የገባ ባዕድ ነገር ነው፦ ሳሉ የጀመረው ልጁ ለውዝ ሲበላ ወይም ትንሽ መጫወቻ አፉ ውስጥ አድርጎ ሳለ በድንገት ትን ብሎት ከሆነ፣ ያ ቅጽበት ሳምንታት ያለፉት ቢሆንም እንኳ ለሐኪም መነገር አለበት፤ ራጅ ምንም ባያሳይም በመሣሪያ ውስጡን ማየት ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሁለት ሳምንት እና ከዚያ በላይ የሚስል ልጅ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም አልጨምር ካለ፣ ትኩሳቱ ከተመላለሰ፣ ሌሊት ካላበው፣ ወይም በቤት ውስጥ የነቀርሳ ሕመምተኛ ካለ ይህ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ስለ ምርመራ በአጭሩ ልናገር። ናሙናው የሚወሰደው በቀጭን መጥረጊያ ከአፍንጫ ኋላ ነው፤ ለልጁ ደስ አይልም፣ ግን ፈጥኖ ያልቃል። የበሽታውን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያሳደጉት ቤልጂጋውያኑ ጁል ቦርዴ እና ኦክታቭ ዣንጉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 ሲሆን ለእርሱ የተለየ ማሳደጊያ ማዘጋጀት አስፈልጓቸው ነበር። ተህዋሲው ዛሬም በላቦራቶሪ ለማደግ አስቸጋሪ ነው፤ በማሳደግ የሚደረገው ምርመራ የሚሳካው በተለይ ሳሉ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ፒሲአር የተባለው የዘረመል ምርመራ እስከ ሦስትና አራት ሳምንት ድረስ ሊያገኘው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በደም ውስጥ የመከላከያ ንጥረ ነገሮችን መለካት ነው። አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ የተወሰደ ናሙና ደግሞ ነጻ ነው ተብሎ ሊያዘናጋ ይችላል። የደም ምርመራ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በእጅጉ መብዛታቸውን ካሳየ፣ በተለይ በጨቅላ ላይ፣ ጥርጣሬውን ያጠናክራል፤ ቁጥራቸው እጅግ ከፍ ማለቱም የሕመሙን ክብደት ያመለክታል። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ሐኪሙ በታሪኩና በምልክቱ ብቻ ተነሥቶ ማከም ይችላል፤ ጨቅላ ባለበት ቤት ውስጥ ውጤት እስኪመጣ ሕክምናን ማዘግየት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል ወይ ላሉት ጥያቄ መልሱ ብዙ ወላጆች የማይጠብቁት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ቢሰጠው ኖሮ ሕመሙን ሊያቀልለት ይችል ነበር፤ አሁን ግን ሳሉን አያስቆምለትም። ባክቴሪያው የሚለቃቸው መርዞች የመተንፈሻ ቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን እና አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ጭራዎች ጎድተዋል፤ እሾሁ ቢነቀልም ቁስሉ እስኪሽር እንደሚያም ሁሉ፣ ባክቴሪያው ከሞተም በኋላ ሽፋኑ እስኪታደስ ሳሉ ይቀጥላል። በዚህ ደረጃ መድኃኒቱ የሚሰጠው በዋናነት ልጁ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው እንዳያስተላልፍ ነው። በአጠቃላይ አንድ ዓመት ላለፈው ሰው ሳሉ ከጀመረ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃንና ለመውለድ ለቀረበች ነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ እንዲሰጥ ይመከራል። ልጅዎ በድንበሩ ላይ ነው። የማስተላለፍ ኃይሉ ቀንሷል፣ ጠፍቷል ብዬ ግን ከአምስት ሳምንት ሕፃን ጋር በአንድ ቤት እንዲያድር አልተውም፤ እኔ ብሆን እሰጠዋለሁ። ሐኪምዎም ይህን ከግምት አስገብቶ እንዲወስን ይጠይቁት።

የሚመረጠው አብዛኛውን ጊዜ አዚትሮማይሲን ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ ለአምስት ቀን ይሰጣል። ክላሪትሮማይሲን ለሰባት ቀን፣ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ እስከ 14 ቀን ይወሰዳል፤ ከሁለት ወር በላይ ሆነው እነዚህን መውሰድ ለማይችሉ ኮትሪሞክሳዞል አማራጭ ነው። ኤሪትሮማይሲን በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት የጨጓራን መውጫ ከሚያጠብ ችግር ጋር ስለሚያያዝ ለጨቅላዎች የሚመረጠው አዚትሮማይሲን ነው፤ እርሱንም የወሰደ ጨቅላ በኃይል እየተረጨ የሚወጣ ትውከት ካመጣ ወዲያው ለሐኪም መታየት አለበት። በቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን ካለ አይስጡት፤ ትክትክን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ከአፍንጫና ከጉሮሮ አያጠፋም። መጠኑ በልጁ ክብደት ስለሚሰላ የታላቁን ለታናሽዋ ማካፈልም አይቻልም።

ሽሮፑን ይተዉት። የሳል ሽሮፖች በትክትክ ላይ ጥቅም እንዳላቸው አልተረጋገጠም፤ አንዳንዶቹ ያደነዝዛሉ፣ ኮዴይን ያለባቸው ደግሞ የልጅን ትንፋሽ ሊያዳክሙ ስለሚችሉ ለልጆች አይሰጡም። አስም ለሌለበት ልጅ የሚነፋ የአስም መድኃኒትም የትክትክን ሳል አያቆምም። ልጅዎ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነ ከመኝታ በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ጉሮሮውን ሊያለሰልስለት ይችላል። ለእኅቱ ግን ማር በምንም መልኩ፣ በጣት ጫፍ ተነክሮም ቢሆን፣ አይሰጥም፤ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ቦቱሊዝም ለተባለ ከባድ መመረዝ ያጋልጣል።

በቤት ውስጥ የሚረዳው ቀላል ነገር ነው። ሳሉ ሲነሣበት ቀና አድርገው ያስቀምጡት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ያስመለሰው ወደ ኋላ እንዳይመለስበት ተኝቶ ከሆነ በጎኑ ያዙሩት። በአፉ ውስጥ ጣት ወይም ማንኪያ አያስገቡ፣ ጀርባውንም በኃይል አይምቱ። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው አጠገቡ ይሁኑ፤ መደናገጥና ማልቀስ ሳሉን ያባብሰዋል። ምግቡን በትንሽ በትንሹ ደጋግመው ይስጡት፤ ካስመለሰው በኋላ ጥቂት አርፎ እንደገና እንዲበላ ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ካስመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ ሳሉ ጋብ የሚልበት ስለሆነ ምግቡ ይረጋለታል። ፈሳሽ ደጋግሞ ይጠጣ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀ፣ ትኩሳት ከጀመረው ወይም በሳል መካከል ባለው ጊዜ ትንፋሹ ከፈጠነ የሳንባ ምች ተጨምሮበት ሊሆን ስለሚችል ዳግም ይመርመር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የተቀረው ቤተሰብ ነው። መከላከያ የሌላቸው ሰዎች ትክትክ ካለበት ሰው ጋር በአንድ ቤት ሲኖሩ እስከ 90 በመቶ የሚደርሱት ሊያዙ ይችላሉ፤ ወደ ሕፃኗ የሚያደርሰውም ወንድሟ ብቻ ሳይሆን «ትንሽ ያስለኛል» የሚል አዋቂ ጭምር ነው። ስለዚህ እርስዎ፣ አባታቸው፣ እናትዎና ሕፃኗን የሚይዝ ሰው ሁሉ፣ ባይታመሙም እንኳ፣ ለመከላከያ ያንኑ አንቲባዮቲክ መውሰድ እንዳለባቸው ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ጨቅላ ባለበት ቤት ይህ ይመከራል። ልጁ መድኃኒቱን ጀምሮ አምስት ቀን እስኪሞላው ከእኅቱ በተለየ ክፍል ይተኛ፣ አይሳማት። እርስዎ ጡት ማጥባትዎን አያቋርጡ፤ በሽታው በጡት ወተት አይተላለፍም፤ ሳል ካለብዎ ግን አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ እጅዎን ታጥበው ያጥቧት። የመጀመሪያ ክትባቷም በስድስተኛ ሳምንቷ ሊሰጣት ይችላልና ሐኪሙ ምክንያት አግኝቶ ካላዘገየው በስተቀር ቀኑን አያሳልፉ፤ በጥቃቅን ጉንፋን ምክንያት ክትባትን ማስተላለፍ በትክትክ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል።

ወንዱ ልጅዎ ትክትክ ከሆነበት ሳሉ ገና ሳምንታት ይቆይበታል፤ ሲቀንስም የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። ከዳነ በኋላ ባሉት ወራት ጉንፋን በያዘው ቁጥር ያው ሳል ሊመለስበት ይችላል፤ ያኔ በሽታው አገርሽቶበታል ማለት አይደለም፣ አንቲባዮቲክም አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ልጅ ሳለሁ ትክትክ ታምሜ እንደነበር ቤተሰቦቼ ይነግሩኛል። ለሚወለደው ልጅ የእኔ መከላከያ ይበቃዋል?

— ነፍሰ ጡር አንባቢ

መልስ፦ አይበቃውም። በልጅነትዎ ያገኙት መከላከያ ከዓመታት በኋላ ስለሚደክም ዛሬ በደምዎ ውስጥ ያለው ወደ ልጅዎ ቢተላለፍም ለመከላከል የሚበቃ ላይሆን ይችላል። በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የእርግዝና ሲሶ (ሦስት ወር)፣ ለምሳሌ በአንዳንዶቹ ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የትክትክ ክትባት ከዲፍቴሪያና ከመንጋጋ ቆልፍ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፤ በየእርግዝናውም ይደገማል። ክትባቱ ሕያው ተህዋሲ የሌለው ሲሆን እናቲቱ የምታመነጨው መከላከያ በእንግዴ ልጅ አልፎ ሕፃኑን የራሱን ክትባት እስኪጀምር ድረስ ይጠብቀዋል። ለነፍሰ ጡሮች በተለምዶ የሚሰጠው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁልጊዜ ትክትክን አይጨምርም፤ ስለዚህ የተሰጠዎ የትኛው እንደሆነ ከካርድዎ አይተው በእርግዝና ክትትልዎ ላይ ይጠይቁ። ካላገኙት፣ ከወሊድ በኋላ የሚስል ሰው ወደ ሕፃኑ እንዳይቀርብ ያለ ይሉኝታ ይከልክሉ።

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ትክትክ ታምሞ የነበረ ልጅ ወላጆቹ መልሰው አምጥተውታል፤ ነገር ግን አሁንም ይስላል። ልቀበለው ወይስ ልመልሰው?

— አስተማሪ

መልስ፦ የሚወስነው ሳሉ መኖሩ ሳይሆን የቀኑ ቁጥር ነው። ልጁ ተገቢውን አንቲባዮቲክ አምስት ቀን ሙሉ ከወሰደ፣ መድኃኒት ካልወሰደ ደግሞ መሳል ከጀመረ 21 ቀን ካለፈው፣ ቢስልም ይቀበሉት፤ ያ ሳል ወደ ሌሎች አይተላለፍም። ወላጆቹ የመድኃኒቱን ስምና የጀመረበትን ቀን በጽሑፍ ቢያመጡልዎ ይሻላል። በክፍልዎ ውስጥ በሰሞኑ መሳል የጀመሩ ልጆች ካሉ ለወላጆቻቸው ያሳውቁ፤ ሲያሳውቁም በቤታቸው ጨቅላ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር መኖሩን ይጠይቋቸው፤ ካለ ልጁ በዚያው ቀን ይመርመር።